የሚዛኑ ስሕተት የማን ነው?



ያልሰረቀን ሰው ሌባ ማለት ከባድ በደል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ተናጋሪው ሊዋሽ ያላሰበ፣ በእጁም ትክክለኛ ነው ብሎ ያመነበትን መለኪያ ይዞ የተናገረ እንደ ሆነስ? ጥፋቱ የተናጋሪው ነው ወይስ የመለኪያው? ወይስ በቅን ልብ የተደረገ ስለ ሆነ ከነጭራሹ ጥፋት አይባልም? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔው ራሴ በአንድ ሰው ላይ ካደረስኩት ነገር የመጣ ነውና በመጀመሪያ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

አክስቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ትንሽ የእህል ሱቅ አላት። ምስር፣ ባቄላና አተር ትሸጣለች። ከሃያ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ምስር የሚያቀርቡላት አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። አባባ ምስሩን ቤታቸው መዝነው፣ የከረጢቱን አፍ ሰፍተው ነው የሚያመጡት። ሚዛናቸው ከምሰሶ ላይ የሚንጠለጠል፣ ሁለት ሳህን ያለው አሮጌ ሚዛን ነው። በአንዱ ሳህን ባለ አምስት ኪሎ ብረቶች አምስት ይደረድራሉ። ከብረቶቹ ጋር አንድ ባዶ ከረጢት አጣጥፈው ያስቀምጣሉ፤ ይኸውም የከረጢቱ ክብደት ምስር ተብሎ እንዳይሸጥ ነው። በሌላው ሳህን ምስሩን ያደርጉና ሁለቱ ሳህኖች እኩል ሲቆሙ "ሃያ አምስት" ይላሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን በአባባና በአክስቴ መካከል በሚዛን ምክንያት አንድም ቀን ቃል ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። በዚያው ሰሞን ፍራንክፈርት የሚኖረው ልጇ፣ እዚያ በአንድ ሱቅ ሲሠራበት የነበረ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ ሚዛን ገዝቶ ላከላት። እስከ ሠላሳ ኪሎ ይመዝናል፤ ዐሥር ዐሥር ግራም እየለየ በቀይ ቁጥር ያሳያል። እኔ የፊዚክስ ተማሪ ነኝና ሚዛኑን የመትከሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ጠረጴዛውን አስተካከልኩ፤ ባዶ ከረጢት አስቀምጬ ዜሮ እንዲያነብ አደረግሁ፤ ሥራዬንም አይቼ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ቀን አባባ ስምንት ከረጢት ምስር በጋሪ አስጭነው መጡ። የመጀመሪያውን ከረጢት ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው 24 ኪሎ ከ910 ግራም አነበበ። ዘጠና ግራም ጎደለ ማለት ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ እስከ ስምንተኛው ድረስ ዐሥር ግራም ወዲህ ወይም ወዲያ ካልሆነ በቀር ሁሉም በአንድ ልክ ጎደሉ። አንዱ ጎድሎ ሌላው ቢተርፍ ኖሮ የእጅ ስሕተት ነው እንል ነበር። እኔ ግን፣ የተማረ ሰው ነኝና፣ ለአክስቴ እንዲህ አልኳት። "ሁልጊዜ እኩል የሚጎድል ነገር በአጋጣሚ አይጎድልም። ሚዛኑ ራሱ ጠማማ መሆን አለበት።"

ልብ በሉ፤ ይህ አነጋገር ትክክል ነበር። የሳትኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠማማው የማን ሚዛን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

አክስቴ ገበያተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሚዛን ነው ሲመዝኑልኝ የኖሩት?" አለቻቸው። አባባ፣ "ብረቴ ልክ ነው፣ ልጄ" ብለው መለሱ። እኔም ከመካከል ገብቼ፣ "አባባ፣ ቁጥር እኮ አይዋሽም" አልኩ። ምስር ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት፣ "አይ ሽምግልና!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አባባ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስምንቱን ከረጢት አንድ በአንድ መልሰው ጋሪው ላይ አስጫኑና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሱቁ አልመጡም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ በቤተ ሙከራ ውስጥ የመሬትን ስበት በፔንዱለም እንድንለካ ታዘዝን። አንድ ትንሽ ድቡልቡል ብረት በክር ታንጠለጥላላችሁ፤ የክሩን ርዝመት ትለካላችሁ፤ መቶ ጊዜ ሲወዛወዝ ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ ትቆጥራላችሁ። ከዚህ በመነሣት መሬት ነገሮችን ምን ያህል አጥብቃ እንደምትስብ ይሰላል። መማሪያ መጽሐፋችን መልሱ 9.81 ነው ይላል። ይህም ማለት የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.81 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ማለት ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ብለካ የማገኘው 9.77 ሆነ። አሁን የምነግራችሁ የሚያሳፍር ነገር ነው። ከመጽሐፉ ጋር እንዲስማማልኝ ቁጥሬን ሠርዤ 9.81 ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። መምህራችን ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበርና፣ "ከመሠረዝህ በፊት መጽሐፉ የት አገር እንደ ተጻፈ ጠይቅ" አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ የአባባ ስምንት ከረጢት በዐይኔ ላይ መጣ።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የመሬት ስበት በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ ስለምትሽከረከር ወገቧ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ነው፤ በምድር ወገብ ላይ ያለ ሰው በዋልታ ላይ ካለ ሰው ይልቅ ከመሬት እምብርት 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሽክርክሪቱም ራሱ ስበቱን በጥቂቱ ያቃልለዋል። በዚህ ምክንያት ስበቱ በዋልታዎች 9.83፣ በምድር ወገብ በባሕር ዳርቻ 9.78 ያህል ነው። ከፍታም ይቀንሰዋል። የእኛ አገር ደጋ ሁለቱም ምክንያቶች አሉበት፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፣ ከፍታውም ብዙ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ስበቱ 9.81 ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን 9.774 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከሺህ ከሦስት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። በሃያ አምስት ኪሎ ላይ አስሉት፤ ዘጠና ግራም ያህል ይመጣል።

አሁን ሁለቱን ሚዛኖች እናስተያይ። የአባባ ሚዛን የሚያደርገው ማወዳደር ብቻ ነው። ምስሩም ብረቱም በአንድ ቦታ ስላሉ ስበቱ ሲቀንስ ለሁለቱም እኩል ይቀንሳል፣ ሲጨምርም ለሁለቱም እኩል ይጨምራል። ስለዚህ ይህ ሚዛን ራስ ዳሸን ጫፍ ላይም ሆነ ዳሎል በረሃ ውስጥ ያው አንድ ቃል ይናገራል። ከውጭ አገር የመጣው ሚዛን ግን የሚያወዳድርበት ሌላ ሳህን የለውም። በውስጡ ያለች አንዲት ብረት ክብደት ሲያርፍባት ዐይን በማያየው መጠን ትታጠፋለች፤ ሚዛኑም የመታጠፏን ልክ ለክቶ ወደ ኪሎ ይተረጉመዋል። ባለ ሞላ ሚዛንም ሥራው እንዲሁ ነው። "ይህን ያህል ከታጠፈች አንድ ኪሎ ነው" የሚለውን ትርጉም የተማረው ፍራንክፈርት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያው ምስር ብረቲቱን በጥቂቱ አቃልሎ ያጥፋታል። ሚዛኑም በፍራንክፈርት ትርጉም አንብቦ "ጎደለ" ይላል። ማንም አልነካውም፤ ማንም አላጣመመውም። ቦታውን ብቻ ለወጠ።

ይህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1672 ዓ.ም. ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በደቡብ አሜሪካ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው በካየን ነበር። የፔንዱለሙ ርዝመት ለፓሪስ የተመጠነው ሰዓት በካየን በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሪሼ ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ አልጣለውም፤ ካየንንም አልወቀሰም። ለብዙ ወራት ከከዋክብት ጉዞ ጋር እያስተያየ መረመረው። ሰዓቱ ልክ እንዲሆን ፔንዱለሙ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ማጠር እንዳለበት አገኘና ያገኘውን ልክ ጽፎ ለአገሩ ሊቃውንት አቀረበ። አንዳንዶች በቆላው ሙቀት ብረቱ ረዝሞ ይሆናል አሉ። በ1687 ዓ.ም. ኒውተን በታወቀው መጽሐፉ የሪሼን ልኬት ጠቅሶ፣ ስበት በምድር ወገብ አካባቢ የሚደክም መሆኑን አስረዳበት። በ1730ዎቹ ደግሞ ፒየር ቡጌ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ፔንዱለሙን ይዞ እንደ እኛ ደጋ ከፍ ወዳለችው ወደ ኪቶ ወጣና ከፍታም ስበትን እንደሚቀንስ ለካ።

የሪሼን ሥራና የእኔን ሥራ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አፍራለሁ። እርሱ መሣሪያውና ቦታው ባልተስማሙ ጊዜ ወራት ወስዶ ጠየቀ። እኔ መሣሪያዬና አንድ ሽማግሌ ባልተስማሙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ፈረድሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጥፋቱ የማን ነው?

በጠማማ ሚዛን የሚመዝን ሰው ሦስት ዓይነት ነው ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ሚዛኑን በገዛ እጁ ያጣመመ ነው፤ ስለ እርሱ ክርክር የለም። ሁለተኛው ጠማማ መሆኑን የማያውቅ፣ ሊያውቅበት የሚችልበትም መንገድ የሌለው ነው፤ እርሱንም የሚወቅስ የለም። ሦስተኛው የማያውቅ ነገር ግን ቢጠይቅ ሊያውቅ ይችል የነበረ ነው። አክስቴ ከሁለተኛው ወገን ናት፤ የእኅቷ ልጅ ያላትን ነው ያመነችው። እኔ ግን ከሦስተኛው ነኝ። የመሬት ስበት ከቦታ ቦታ እንደሚለይ በአንደኛ ዓመት ትምህርቴ ተምሬ ፈተና ጽፌበታለሁ። እውቀቱ በራሴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ባስፈለገኝ ቀን አልጠራሁትም።

"ታዲያ ሰው ሁሉ መሣሪያውን በየቀኑ ሲመረምር ሊውል ነው?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለራሴ ሽሮ ስመዝን በኪሎ ሦስት ግራም ተኩል ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ወጡ አይለወጥም። የመመርመር ግዴታው የሚከብደው ቁጥሩ በሰው ላይ ሊፈርድ በተነሣ ጊዜ ነው። ዘጠና ግራም እንደ ምስር እፍኝ የምትሞላ ነገር ናት፤ እንደ ማስረጃ ግን ስሟን ጠብቃ የኖረች ሕይወትን ታፈርሳለች። የበላዔ ሰብእን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ምን ልትሠራ እንደምትችል አንዘነጋውም።

ሌላም ራሴን የያዝኩበት ነገር አለ። ይህ ሚዛን አሳንሶ ስለሚያነብ አክስቴ ስትገዛበት ትጠቀማለች፤ ስትሸጥበት ደግሞ ሳታውቀው ለገዢው በየኪሎው ትጨምራለች። እስቲ ነገሩን ገልብጠን እናስበው። የአባባ ከረጢት ከመምጣቱ በፊት አክስቴ ከሱቋ ያለውን ምስር ሸጣ ሒሳቡ ጎድሎባት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ማንን ነበር? ያለ ጥርጥር አዲሱን ሚዛን ነበር። "ይህ የፈረንጅ ሚዛን እያከሰረን ነው" ብለን በዚያው ቀን እንመረምረው ነበር። ጉድለቱ በሌላ ሰው ላይ ሲያመለክት ግን ሚዛኑ የማይዋሽ ሆነ። ስለዚህ አላወቅንም ማለታችን እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። አለማወቃችን የሚጠቅመን ስለ ነበር ጥያቄ አላነሣንበትም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ከጓደኞቼ አንዱ ያነሣብኝ ነው። "ሚዛን በየአገሩ የሚስተካከል ከሆነ እውነትም በየአገሩ ይለያያል ማለት ነዋ! ለደጋው አንድ ኪሎ፣ ለቆላው ሌላ ኪሎ ሊኖር ነው?" አለኝ። መልሱ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ስለ ልኬትና ሚዛን የተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሁለት ነገሮችን ለየ። ኪሎ ግራም የነገሩ የራሱ መጠን ነው፤ ክብደት ደግሞ መሬት ነገሩን የምትስብበት ኃይል ነው። ኃይሉ በየቦታው ይለያያል፤ መጠኑ ግን አይለወጥም። ከ1889 እስከ 2019 ዓ.ም. የዓለም ኪሎ ግራም በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቀመጠ አንድ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ብረት ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ትርጉሙ በየትም ቦታ በማይለወጥ በአንድ የተፈጥሮ ቁጥር ላይ ቆሟል። ምስሩ ደብረ ብርሃንም ይሁን ጅቡቲ ያው ምስር ነው። ሚዛኑን በየቦታው የምናስተካክለው እውነቱ በየቦታው ስለሚለያይ ሳይሆን እውነቱ አንድ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ሳይስተካከል ከፍራንክፈርት ደብረ ብርሃን የመጣ ሚዛን ሁሉን እኩል ያየ ይመስላል፤ እንዲያ ሆኖ ግን ስለ አንዱ ምስር ሁለት ቃል ይናገራል። በአውሮፓ አገሮች ለንግድ የሚውሉ እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ሲፈተኑ ለየትኛው አካባቢ ስበት እንደ ተስተካከሉ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የጓደኛዬ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። "በእኛ ቦታ እንዲህ ነው" እያለ ሚዛኑን ወደ ጥቅሙ የሚያዘነብል ሰውም ብዙ ነው። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ ሁለት የሚዛን ድንጋይ መያዝን መከልከሉ ይህን የሰው ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ታዲያ ማስተካከልን ከማጣመም በምን እንለየዋለን? ሦስት ምልክት አገኘሁለት። አንደኛ፣ የሚያስተካክለው ሰው የሚመሰክርለት የራሱ ፍላጎት ሳይሆን አስቀድሞ የተፈተነና የታወቀ ክብደት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ማስተካከሉ ገዢና ሻጭ ባሉበት በግልጽ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ የተስተካከለው ሚዛን ሲገዙበትም ሲሸጡበትም ያው ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ማስተካከል ስሙ ሌላ ነው።

ይህን ነገር ከሱቅ አውጥተን ወደ እኛ እናምጣው። በየእሑዱ የስም መዝገብ ይጠራል፤ አርፍዶ የመጣ ምልክት ይደረግበታል። በአንድ ወቅት ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ የምታረፍድ እኅት ነበረችን። ከመዝገቡ ላይ ምልክቷን እየቈጠርን "ትጋት የላትም" አልን። ይህ እኅት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የቤቱን ቁርስ አቅርባ፣ ዕቃውን አጥባ፣ ከዚያ በእግሯ አርባ ደቂቃ ተጉዛ የምትመጣ መሆኗን ያወቅነው ቆይተን ነው። ሰዓቱ አልዋሸም፤ ሃያ ደቂቃው ሃያ ደቂቃ ነው። እኛ ግን ሰዓቱን የጠየቅነው ስለ ትጋቷ ነበር፤ ሰዓት ደግሞ ትጋትን አይመዝንም። ሚዛናችን የተስተካከለው በእናትና አባቱ ቤት ለሚያድር ልጅ ነበር። መዝገቡን እንቅደደው አልልም፤ የማርፈድ ምልክትም ይቅር አልልም። ከምልክቱ ወደ ሰውየው ጠባይ ከመሻገራችን በፊት ግን "ይህ ሚዛን የት ነው የተስተካከለው?" ብለን እንጠይቅ እላለሁ።

አሁን ታሪኩን ልጨርስላችሁ። ለበዓል ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ከቤተ ሙከራችን የተፈተነ ባለ አምስት ኪሎ ክብደት ተዋስኩ። አክስቴ ሱቅ በዚያ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 4 ኪሎ ከ980 ግራም አነበበ። አክስቴ ቁጥሩን አይታ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ነጠላዋን አደረገችና ሚዛኑን ተሸክመን አባባ ቤት ሄድን።

አባባ ተቀበሉን፤ እንድንቀመጥም አዘዙ። እኔ ቆሜ ያጠፋሁትን ተናገርኩ። ያመጣሁትን ክብደት በእርሳቸው ሚዛን በአንዱ ሳህን፣ የእርሳቸውን ባለ አምስት ኪሎ ብረት በሌላው ሳህን እንዳስቀምጥ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ሳህኖቹ ትንሽ ተወዛውዘው እኩል ቆሙ። አምስቱንም ብረት እንዲሁ አደረግን፤ አምስቱም ልክ ነበሩ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ብረቴ ልክ መሆኑን እኔ አላጣሁትም። የከፋኝ የምስሩ ነገር አይደለም። ሃያ ዓመቴን በአንድ ቁጥር መመዘናችሁ ነው።"

የምመልሰው አልነበረኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝና፣ "ይልቅ ይህን ነገር አስተካክለውና ልየው" አሉ። ክብደቱን አስቀምጬ፣ ሚዛኑ "ይህ አምስት ኪሎ ነው" ብሎ እንዲማር አደረግሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አባባ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ተመለከቱ።

"ነገ ወደ ጅቡቲ ብትወስደውስ?" አሉ።

"እዚያ ደግሞ በኩንታል ዘጠና ግራም ያህል አብዝቶ ያነባል፣ አባባ። እንደ ገና ማስተካከል ያስፈልጋል።"

"እንግዲያ ጠባዩ ይህ ከሆነ በእርሱ መናደድ አይገባም፤ የማያስተካክለውን ሰው ነው እንጂ" አሉና ሣቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አክስቴ ገበያተኛው በተሰበሰበበት፣ አባባን አጠገቧ አስቀምጣ፣ "ጠማማው የእኔ ሚዛን ነበር" ብላ ተናገረች። ስድቡ በተነገረበት ቦታና በተነገረበት ቀን ካልሆነ ይቅርታው እንደማይሞላ ያወቀችው እርሷ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። አባባ እንደ ድሮው ምስር ያመጣሉ። ሁለቱ ሚዛኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በየጊዜውም አንዱ በሌላው ይፈተናል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን "አይ ሽምግልና!" ብላ ከንፈሯን የመጠጠችውን ሴት እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። የሩቅ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም። አባባ በእርሷ ዘንድ፣ እርሷ ያወራችላቸውም ሰዎች ዘንድ፣ ዛሬም በሽምግልናቸው የሚሰርቁ ሰው ናቸው። ሚዛንን ማስተካከል ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነውና ያን ቃል ተከትዬ የምደርስበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች፣ በሰው ላይ ቁጥር ከማንበባችን በፊት በየቦታችን ሚዛናችንን እናስተካክል። ከአነበብን በኋላ የምናስተካክለው ሚዛኑን ብቻ ነው።